ግድግዳ የሌለው ቤት እመቤት፦ ወይዘሮ ወርቂቱ ባልቻ (1950–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ወርቂቱ ባልቻ ከአባታቸው ከአቶ ባልቻ ዲንሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚጣ ገመዳ፣ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት በጊምቢ ከተማ አጠገብ በመስከረም ወር 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የወንጌል አስተማሪ ነበሩ። እናታቸው ደግሞ ሕልም ፈቺ ባይሆኑም ሕልም ሰሚ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ቁርስ ከመቅረቡ በፊት ያዩትን ሕልም በየተራ ይነግሯቸው ነበር። የሌሎቹ ሕልም ጅብና ጎርፍ ሲሆን የትንሿ ወርቂቱ ግን ሁልጊዜ ቤት ነበር፤ ክፍሉ ወደ ሌላ ክፍል የሚያስገባ፣ ማለቂያ የሌለው ቤት። እናታቸውም፣ «ይቺ ልጅ ወይ ሀብታም ታገባለች፣ ወይ ሆቴል ትከፍታለች» ይሉ ነበር። ሁለቱም አልሆነም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት አካባቢ በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን በነቀምቴ ተከታትለው፣ አዲስ አበባ ገብተው በጽሕፈት ሥራ ሠለጠኑ። በመዘምራን ኅብረት ውስጥ ከተዋወቋቸው ከሕንፃ ነዳፊው ከአቶ ዘካርያስ ፊሊጶስ ጋር በ1971 ዓ.ም. በጋብቻ ተሳሰሩ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን በር ታሸገ፤ ጓደኞቻቸውም አንድ በአንድ ይታሰሩ ጀመር። ባልና ሚስት በሞያሌ በኩል ወጥተው ናይሮቢ ገቡ።

መጀመሪያ ያረፉት ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው። በሚቀጥለው ክፍል የሚኖሩት ከድሬዳዋ የመጡት ወይዘሮ ኩለሱም ነበሩ። የመሃሉ ግድግዳ ስስ ስለነበር የአንዷ ጸሎት ለሌላዋ ይሰማል፤ አንዷ ስታመሽ ሌላዋ ግድግዳውን ኳ ኳ አድርጋ፣ «እግዜር ተኝቷል፣ አንቺም ተኚ» የምትልበት ጊዜ ነበር። ወይዘሮ ኩለሱም በኋላ እዚያው ኢስትሊ ሥጋ ቤት ከፈቱ። ወይዘሮ ወርቂቱ ደግሞ በ1976 ዓ.ም. በመሃል ከተማ በአንድ የአየር መንገድ ትኬት ቢሮ ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠሩ። በ1977 ዓ.ም. አንድ ልጃቸውን ማዕዶትን ወለዱ። ቤተሰቡ ወደ ኪሊማኒ ሰፈር ከተዛወረም በኋላ የሁለቱ ሴቶች ወዳጅነት አልተቋረጠም።

አቶ ዘካርያስ ለእርጅናቸው የሚሆን ቤት ወደ ንጎንግ በሚወስደው መንገድ ዳር በገዙት ቦታ ላይ ራሳቸው ነደፉ። መሠረቱ ወጣ፤ ወለሉ ተሞላ፤ ግድግዳው ሊጀመር ቀን ተቆረጠለት። ጊዜው የ2003 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ናይሮቢ በብርድ የምትኮማተርበት ወር ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን በተከራየችው አዳራሽ መድረክ ሥር አንዲት የመንገድ ውሻ ወለደች። እሑድ መዘምራን ሲዘምሩ ከሥር የሚሰማው ጩኸት የመዘምራኑን መሪ ግራ አጋባው፤ ከእኅቶች አንዷ ከዜማ የወጣች መስሎት ሦስት ጊዜ አስቆማቸው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ውሾቹ ይውጡ ብለው ወሰኑ። አቶ ዘካርያስም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩና እጃቸውን አወጡ። ወይዘሮ ወርቂቱ አልተከራከሩም። እናትየዋንና ቡችሎቹን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ቦታው ወሰዱ፤ ለሁለት ሳምንት ብቻ።

ግድግዳው እስከ ዛሬ አልቆመም። አንድ ውሻ ሌላውን እየጠራ፣ ሰፈሩም ወይዘሮ ወርቂቱን እየጠራ፣ ለአርባ ውሻ የሚበቃው ግቢ መቶን አለፈ። ሳሎኑ ለቡችሎች፣ የእንግዳ ክፍሉ መኪና ለገጫቸው፣ ዋናው መኝታ ቤት ላረጁት ተሰጠ። ወጥ ቤት በተባለው ጥግ ትልቅ ብረት ድስት ተጣደ። ይህ ሁሉ በባዶ ወለል ላይ ነው፤ ወይዘሮ ወርቂቱ ግን ግድግዳ በሚቆምበት ቦታ አቋርጠው አያልፉም ነበር። ዞረው በበሩ በኩል ይገባሉ። ከጊዜ በኋላ ውሾቹም ለመዱት። ጉም በወረደበት ጠዋት ያ ሁሉ ውሻ ተሰልፎ በሌለ በር ሲገባ ያየ ሰው፣ ያየውን ለሌላ ለመናገር ያፍር ነበር። እሳቸው በመሃል ቀስ ብለው፣ የቤት ጫማቸውን እንደሚጎትት ሰው፣ አንዱን እያሻሹ ሌላውን እየገሠጹ ይመላለሱ ነበር። ያ በልጅነት ሕልማቸው ያዩት ቤት ይሁን አይሁን ተጠይቀው፣ «እዚያኛው ውስጥ ሽታ አልነበረም» ብለዋል።

ቦታ የለም ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነበር። ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይባል የለ? «ውሻም በዕድሉ ያድጋል» ይሉ ነበር። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው ማዕዶት፣ «ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ስፔስ የለም እኮ» ስትላቸው፣ «አንቺን ስንወልድስ የት ነበረን?» ይሏት ነበር።

ዕድሉ ይመጣ የነበረው ግን ከኪሊማኒ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ነው። የአገራችን ሰዎች ቁርጥና ጥብስ ሲበሉ ከሥጋው የሚመለመለው ጅማትና አጥንት በየማታው ለወይዘሮ ወርቂቱ ይቀመጥ ነበር። በጅማሬው ከሰሃን የተረፈ ወጥም ይወስዱ ነበር፤ ውሾቹ ቀይ ወጡን በልተው በርሜል ውሃ ከጨረሱ በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ የሚያክሟቸው የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ሐብታሙ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው ካሉ በኋላ ቀረ። እንግዲህ ሁዳዴ ሲገባ ምግብ ቤቶቹ ሥጋ አይሠሩም። ሥጋ ከሌለ ጅማት የለም፤ ጅማት ከሌለ ውሾቹም ይጾማሉ። በቤተ ክርስቲያናችን የኦርቶዶክስን አጽዋማት ከነመግቢያቸው በቃላቸው የሚያውቁ ወይዘሮ ወርቂቱ ብቻ ነበሩ። ሐዋርያት መቼ እንደሚገባ ሲጠየቁ ሳያስቡ ይመልሱ ስለነበር፣ አዲስ የመጡ ምእመናን በድብቅ ማርያምን ትወዳለች ብለው ያሟቸው ነበር። እሳቸው ሰምተው ሳቁ።

ያንን ክፍተት የሚሸፍኑት ወይዘሮ ኩለሱም ነበሩ። ሳንባና ጨጓራ በጆንያ እያስጫኑ እስከ ግቢው በር ይልኩ ነበር። ከበሩ ወዲህ ግን ገብተው አያውቁም። በእምነታቸው የውሻ ምራቅ የነካው ሰው ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት።

ያለፈው ዓመት ከበደ። የርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ሲቀንሱ ለውሾቹ ደረቅ ምግብ ያዋጡ የነበሩት የውጭ አገር ሰዎች ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ ሲሄዱም የራሳቸውን ውሾች በወይዘሮ ወርቂቱ በር ላይ እያሰሩ ሄዱ። የሚያባብላቸው ፈረንሳይኛ ብቻ የሆነ፣ ትራስ ካልተደረገላቸው የማይተኙ ውሾች ከመንገድ ውሾቹ ጋር በአንድ ሳሎን ተጋፉ። በዚህ ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ዶክተር ሐብታሙ ቤተሰቡን ሰብስበው እውነቱን ተናገሩ። ሁሉም ከሚራቡ ሢሶው በመርፌ ይረፉ አሉ። ሲናገሩ ወደ ወይዘሮ ወርቂቱ አላዩም። እሳቸውም፣ «ዶክተር፣ እስከ ፋሲካ ታገሡኝ» አሉ። ዶክተሩ ቀጠሮውን ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ አደረጉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ወርቂቱ በየቀኑ በማታቱ ሚኒባስ ኢስትሊ እየሄዱ ከሥጋ ቤት ሥጋ ቤት ለመኑ። ምግብም ቀነሱ። ሲጠየቁ፣ «ልጆቼ እየጾሙ እኔ በምን አፌ?» ይሉ ነበር። ጴንጤ ሁዳዴ ያዘች ብለን ሳቅንባቸው። ክብደታቸው ሲቀንስ፣ ፊታቸው ሲገረጣ፣ ጾም ነው ብለን አመንን። የጉበት ሕመም ነበር። ይህ ያንገበግበናል፤ እሳቸው ግን እንዳናውቅ ስለፈለጉ ነው ያላወቅነው።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ገቡ። አቶ ዘካርያስና ማዕዶት ከአልጋው ሥር አልተነሡም፤ ኢስትሊ ሄዶ ከሥጋ ቤቶቹ የሚለምንም፣ ውሾቹን የሚያበላም ጠፋ። መጋቢት 7 ቀን ወይዘሮ ወርቂቱ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «በሉ?» ሲሉ ጠየቁ። ማዕዶትም፣ «በልተዋል ማሚ፣ አይ ስዌር» አለች። ከዚያ ኮሪደር ላይ ወጥታ አለቀሰች፤ ለእናቷ ዋሽታ አታውቅምና። ውሸቷን እውነት ለማድረግ ያገኘችውን ሥጋ ገዝታ ወደ ንጎንግ መንገድ ነዳች።

በሩ ክፍት ነበር። ፀሐይ አዘቅዝቃ ወለሉ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ወይዘሮ ኩለሱም፣ የረመዳን ጾመኛ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሱ፣ እጅጌያቸውን እስከ ክርን ሰብስበው ከቧንቧው አጠገብ አፈር በጣሳ ይዘው ተቀምጠዋል። ድስቱ ባዶ ነው፤ ተልሶ ያብረቀርቃል። ማዕዶትን ሲያዩ፣ «ሁለት እጅ ነው ያለኝ፤ ምላሱ ግን ከመቶ በላይ ነው። ዛሬ እስከ መግሪብ ሶላት አጥቤ አልጨርስም» አሏት። ትናንትም ከትናንት ወዲያም መጥተው ነበር። የበሩ ዘበኛ ምስክር ነው።

ማዕዶት አባቷ ጋ ደወለች። አቶ ዘካርያስ ስልኩን በባለቤታቸው ጆሮ ላይ አደረጉት። ማዕዶት መናገር አቅቷት ስልኩን ብቻ ወደ ውሾቹ ዘረጋች። የተራበ ውሻ ይጮኻል፤ የጠገበ ይተኛል። በስልኩ ውስጥ ከብዙ እንቅልፍ የሚወጣ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ወይዘሮ ወርቂቱ አዳመጡ፤ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። «ጸጥ ብለዋል» አሉ። ከዚህ በኋላ አልተናገሩም። በማግሥቱ ማክሰኞ መጋቢት 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ሕልም እንደሚያይ ሰው ፊታቸው ፈታ እንዳለ፣ በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ወደ ጌታ ሄዱ።

ወይዘሮ ወርቂቱ ባለቤታቸውን አቶ ዘካርያስ ፊሊጶስን፣ ልጃቸውን ማዕዶት ዘካርያስን፣ ይህን ታሪክ የጻፈውን የወንድማቸውን ልጅ አገኘሁን፣ ከእኅት የማያንሱ ወዳጃቸውን ወይዘሮ ኩለሱምንና ቁጥራቸው በየቀኑ የሚለዋወጥ ውሾችን ትተው አልፈዋል። ዶክተር ሐብታሙ ለቅሶ ሊደርሱ በመጡበት ዕለት አቶ ዘካርያስ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «የሰኞው ቀጠሮ ይቅር። እኔ እያለሁ አንዱም በመርፌ አይሄድም» ብለዋቸዋል። በምን እንደሚያበሏቸው ግን ለጊዜው አናውቅም፤ እሳቸውም አያውቁም።

ፍጥረቱን ሁሉ በየሰዓቱ የሚመግብ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ በሰፊው ቤቱ ይቀበላት፤ ለቀረነውም መጽናናትን ያብዛልን።

በመጨረሻም በመቃብሩ ሥርዓት ላይ ለምታገለግሉ መጋብያንና ወንጌላውያን፦ አቶ ዘካርያስ ጸሎቱና ስብከቱ አጠር እንዲል በትሕትና ይለምናሉ። ውሾቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይበላሉ፤ ዛሬ የሚያበሉት እሳቸው ናቸው።