ያልለመንኩት አስፋልት

እኅቴ ሆይ፣ ልጅሽ በድሎኛል። በምክር ቤቱ አዳራሽ ቆሞ፣ ከአፌ ያልወጣውን ቃል «አጎቴ ለምነውኛል» ብሎ ተናገረ። ደጄን አስፋልት አለበሰና ፊቴን ጭቃ ቀባው። ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታን ንቄ አይደለም፤ በሰላምታ ተሸፍኖ የሚገባ ነገር ስለማልወድ ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ትወጪዋለሽ ወይስ አሁንም በየእርከኑ እያረፍሽ ከመጪ ከሂያጁ ጋር ታወሪያለሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን መነጽር ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መሳቢያ ውስጥ አስተኝተሽዋል? ሴቷ ልጅሽ፣ ባሏ፣ ልጆቻቸው ሁሉ ደህና ናቸው? ትንሹን ልጅ ይዞት የነበረው ሳል ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ እንደ ድሮው ነው፤ የማልፈልገውን ሁሉ ይሰማል። ወድቄ የተሰበረው የእጄ አንጓ ብርድ ሲሆን ራሱን ያስታውሰኛል እንጂ መቀስ ከመያዝ አላገደኝም። ሱቄን አልዘጋሁም። የስፌት መኪናዬም እንደኔው እየተነጫነጨች ትሠራለች።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ልጄ ላንተ ደጅ አስፋልት አስነጠፈ ሲሉኝ በደስታ አለቀስኩ፤ እንኳን ደስ አለህ» ብለሻል። ባልሆነ ነገር እንኳን ደስ አለህ ስባል ዝም ብዬ መቀበል አልችልም። ስለዚህ ነገሩን አንድ ጊዜ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እጽፍልሻለሁ። በስልክ አላወራሽም፤ አንቺ ስልክ ስታወሪ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። ይህንንም ደብዳቤ እንደ ልማድሽ ቤተሰቡን ሰብስበሽ ጮክ ብለሽ እንዳታነቢው።

ከተማችንን አልረሳሻትም፤ ላይና ታች ናት። ዝናብ ሲመጣ እኛ ላይ ያለነው ጭቃ እንረግጣለን፣ ታችኛው ሰፈር ግን ጎርፍ ይገባበታል። ታች ያሉት ሰዎች የአልጋቸውን እግር ጡብ ላይ ያቆማሉ። ልብስ አጣቢዋን ታስታውሻታለሽ፣ እናቷም ልብስ አጣቢ ነበረች፤ እሷ ቤት ግድግዳ ላይ ውኃው የደረሰበት መስመር በየዓመቱ ከፍ ይላል። ያንን መስመር ካየሁ ጀምሮ ምክር ቤቱ ስለ በጀት ሲሰበሰብ ለነዋሪ በተተወው የኋላ አግዳሚ ላይ እየተቀመጥኩ፣ ተራ ሲደርሰኝ ስለ ጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ እናገራለሁ። ስለ ሌላ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት የልብስ ልክ በምንቆርጥበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ንግግር ማሳመር አልችልም፣ መድገም ግን እችላለሁ። ሰዉም «አባ ቦይ» የሚል ስም አወጣልኝ። አፈ ጉባኤው ሳይቀር በማይኩ «አባ ቦይ ይናገሩ» ይላል፤ አዳራሹ ይስቃል፤ እኔ እናገራለሁ። ስሙን አልጠላሁትም።

ልጅሽ ተመርጦ ከፊት ወንበር የተቀመጠ ቀን፣ ከኋላ ሆኜ ያየሁት ኮቱ ትከሻው ላይ ልክ መግባቱን ነው። የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ቦዩ ሁለት ሰው አገኘ፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ብዬ ነበር።

ባለፈው በጋ ከበጀቱ የተረፈው ገንዘብ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ሆነ። ወይ የታችኛው ሰፈር ቦይ ይጀመራል፣ ወይ የላይኛው መንገድ ይነጠፋል። ባለ መድኃኒት ቤቱ፣ የምክር ቤቱ ነባር አባል፣ ተነስቶ «ቦይ ማለት መሬት ውስጥ የሚቀበር ገንዘብ ነው። ሲመረቅ ሪባኑን የት ላይ ልንቆርጥ ነው?» አለ። ተሳቀ። ቀጥሎ አስፋልቱን ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ ቁጭ አለ። ያን ጊዜ ልጅሽ ተነሳ። ስለ ቦዩ ሊመልስለት መስሎኝ ለመስማት ወደ ፊት ጎንበስ አልኩ።

«ክቡራን፣ ከኋላ የተቀመጡትን አባት ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ» አለ። «አጎቴ ናቸው። አምና የላይኛው መንገድ ጭቃ ጥሏቸው እጃቸው ተሰብሯል። ለራሳቸው አንድ ነገር ጠይቀው የማያውቁ ሰው፣ ዘንድሮ ደጄን አንጥፉልኝ ብለው ለምነውኛል።» አዳራሹ ውስጥ ከንፈር ተመጠጠ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። እጄን የሰበርኩት እንኳ ጭቃ ላይ አይደለም፤ ሱቄ ውስጥ፣ የጨርቅ ጥቅል ላወርድ ስል ከበርጩማ ወድቄ ነው። ልናገር ብነሳ አፈ ጉባኤው ደወሉን መታና የነዋሪ ሰዓት አልፏል አለኝ። እጅ ወጣ፤ አስፋልቱ ያለ ተቃውሞ አለፈ። ከአባላቱ አንዱ ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞዎት አባባ፣ ከእንግዲህ አይወድቁም» አለኝ።

የታችኛው ሰፈር ሰዎች ይህን ሁሉ በጆሯቸው ሰምተዋል። ልብስ አጣቢዋ በር ላይ ጠበቀችኝና «እሰይ አባ ቦይ! ቦዩ መንገድ ስቶ እርስዎ ደጅ ገባ አይደል?» አለችኝ። «አልለመንኩም» አልኳት። «እና የእኅትዎ ልጅ ዋሸ?» አለች። «እሱን ጠይቂው» አልኳት። ውሸቱን ያወጣው አፍ ራሱ ይመልሰው ብዬ ነው። እሷ ግን መልሴን እንደ ማምለጫ ቆጠረችውና «ቢለምኑም ምን አለበት፣ ሰው ለራሱ ነው» ብላኝ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ የተቀደደ አንሶላ የምትሰጠው ለሌላ ልብስ ሰፊ ነው። ስሜም ባንድ ቀን «ባለ አስፋልቱ» ሆነ።

በማግሥቱ ልጅሽ ሱቅ መጣ። «ጋሼ፣ ይቆጡ፣ ግን መጀመሪያ ይስሙኝ» አለ። ሰማሁት። የባለ መድኃኒት ቤቱ ቤትም ሱቅም እኛው መንገድ ላይ ነው። መንገዱ እንዲነጠፍ ይፈልጋል፣ ግን የራሱን ደጅ አስነጠፈ እንዳይባል በራሱ አፍ አይጠይቅም። ስለዚህ የሌላ ሰው ደጅ አስፈለገው፣ ያውም የማይታማ ሰው ደጅ። ልጅሽ የኔን ሰጠው። በምላሹ ባለ መድኃኒት ቤቱ በሚቀጥለው በጀት ከነተከታዮቹ ለቦዩ እጁን ሊያወጣ ቃል ገባለት። «እርስዎ ስንት ዓመት እውነት ተናገሩ፣ አንድ አካፋ አልተነሳም» አለኝ። «እኔ በአንዲት ቃል ቦዩን አመጣዋለሁ። ደግሞ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

«ጎርፍም እያደር ይሞላል» አልኩት። «ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ብጠይቅዎ እምቢ ይሉ ነበራ!» አለ።

እኅቴ፣ ይህን ልብ በይልኝ። ያልጠየቀኝ መልሴን ስለማያውቅ ሳይሆን ስለሚያውቅ ነው። «በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማይክ፣ አልለመኑኝም በል» አልኩት። «ካልኩ ባለ መድኃኒት ቤቱ ይጋለጣል፣ ተዋረድኩ ብሎ ቃሉን ያጥፋል፣ ቦዩም አብሮ ይቀራል» አለ። «እንግዲያው እኔ እለዋለሁ» አልኩት። ኮቱን አንስቶ ወጣ። የኮቱ ገበር ብብቱ ሥር ተተርትሮ አየሁት፤ ና ልስፋልህ አላልኩትም።

ሬንጁ መጣ፣ ሰፈሩ በጭስ ታፈነ፣ ሮለሩ ሲያልፍ መስኮቴ ይንዘፈዘፍ ነበር። ደጄ ሲደርሱ ፎርማኑን «የኔን በር ዝለሉት» አልኩት። «አባባ፣ መንገድ እንደ ሱሪ ነው፣ መሃሉ ተቀዶ አይተውም» አለኝ። ልብስ ሰፊ መሆኔን አያውቅም፤ በገዛ ሙያዬ ረታኝና ተውኩት። አስፋልቱ መጥፎ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ቀጥ ያለ ነው፣ ለእግር ይመቻል፣ አቧራም የለው።

ክረምት ሲገባ ግን ድሮ ጭቃችን እየጠጣ ያስቀረው የነበረው ውኃ የሚይዘው አጣ። በለሰለሰው መንገድ ተንደርድሮ ታች ወረደ። ወርጄ ስመለከት ልብስ አጣቢዋ የደንበኞቿን ልብስ በራሷ ላይ ተሸክማ ጉልበቷ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማለች። ፍራሹን በአንድ ጫፍ ያዝኩላት። አውጥተን ግድግዳ ላይ አስደገፍነው። ከዚያ «አሁን ይሂዱ፣ አስፋልትዎን ጭቃ እንዳይነካብዎ» አለችኝ።

ዝናቡ ሳያባራ ምክር ቤቱ ለአዲሱ በጀት ተሰበሰበ። የታችኛው ሰፈር ሰው ጭቃ በያዘ ጫማው አዳራሹን ሞላው። እኔ እውነቱን ለመናገር ቆርጬ ነው የሄድኩት። ባለ መድኃኒት ቤቱ ከመጀመሪያው ሲያፈገፍግ ነበር፤ «ጥናቱ ቢደገም፣ ነገሩ ለከርሞ ቢቆይ» ይላል። ቃሉን ማጠፍ አምሮታል፣ በሰው ፊት የሚያጥፍበት ምክንያት ነው ያጣው። አፈ ጉባኤው «አባ ቦይ ይናገሩ» አለ። ከኋላ አንዱ «ባለ አስፋልቱ በሉት እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ደሞ የመንገድ መብራት አምሮት ይሆናል» አለ። ሳቁ።

ማይኩን ያዝኩት፤ እንደ ልማዱ ሲጥ አለ። ልጅሽ ዞሮ አላየኝም፣ ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው። ባለ መድኃኒት ቤቱ ግን ዞሮ አየኝ። ልናገር የመጣሁትን ያውቀዋል፤ አላስፈራውም። እንዲያውም ዓይኑ በል፣ በል የሚለኝ መሰለኝ፤ «ስሜ ጠፋ» ብሎ ቃሉን የሚያጥፍበትን ምክንያት በገዛ አፌ ላቀብለው ነው። ልብስ አጣቢዋ ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ በውኃ የነጡ ጣቶቿን እያፍተለተለች ቆማለች።

«የምለው የለኝም» አልኩና ተቀመጥኩ። ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ ያሳፈረኝ እውነት መስሎት ነው። ባለ መድኃኒት ቤቱ ትንሽ ጠበቀ፤ ምክንያት የሚሰጠው ሰው ሲያጣ እጁን እንደ ታመመ ሰው ቀስ አድርጎ አነሳ። ተከታዮቹም አነሱ። ቦዩ አለፈ። ታችኛው ሰፈር ልጅሽን አቅፎ ሊሸከመው ምንም አልቀረው። አባ ቦይ የሚለውንም ስም ለሱ አወረሱት።

ልጅሽ በር ላይ ጠብቆ ክንዴን ያዘኝ። «እጅህን አንሳ» አልኩት፣ አነሳ። ዋሸ፣ ያ የራሱ ጉዳይ ነው። ውሸቱን እኔ እንድጠብቅለት አደረገኝ። የማይለቀኝ ይህ ነው።

አሁን ቦዩ እየተቆፈረ ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ጥልቀቱ ደህና ነው፣ ድንጋዩም ጥሩ ድንጋይ ነው። ግን የተፈቀደው ግማሹ ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ በከርሞ በጀት እንደገና በእነዚያው ሰዎች እጅ ያልፋል። ስለዚህ ያወቅሽውን ለማንም አትንገሪ። ልጅሽንም አትቆጪው፤ እኔም ፊት አታመስግኚው። ልብስ አጣቢዋ ሳገኛት መንገድ ትሻገራለች። ትሻገር። ከርሞ ቤቷ ውኃ ካልገባ ይበቃኛል፤ ካልበቃኝም የራሴ ጉዳይ ነው።

ሴቷን ልጅሽን ሰላም በይልኝ፤ ሥራ በዛብኝ እያለች ምግብ እንዳትዘል። ሾፌሩን ባሏን ሰላም በይልኝ፤ የቸኮለ ሰው ከኋላ ቢከተለው ያሳልፈው። ትልቋ የልጅ ልጅሽ ቀሚስ ስፋልኝ ብላኛለች፤ ልኳን ትላክልኝ፣ ወገቧን ስትለካ ግን ትንፋሿን እንዳትይዝ፣ ኋላ እኔ ነኝ የምወቀሰው። ሳል ይዞት የነበረውን ትንሽ ልጅ ግንባሩን ሳሚልኝ። ሬዲዮ እያስጮኸ እንቅልፍ የሚነሳሽን ጎረቤትሽን እንኳ ሰላም በይልኝ፤ ብቻውን ቢሆን ነው።

ልጅሽ ወደ ቤቴ መምጣት ቢፈልግ በሩ አልተዘጋበትም። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጉልበትሽ እናወራለን፤ የተተረተረ ገበር ካለውም እሰፋለታለሁ። ስለዚህ ነገር ግን ለሱም፣ ላንቺም፣ ለታችኛው ሰፈርም ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልናገርም። በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ብትጠይቂኝ፣ ያንን መስመር ዘልዬ የቀረውን እመልስልሻለሁ።

ታላቅ ወንድምሽ

ከላይኛው መንገድ፣ ከልብስ ስፌት ሱቄ
ኅዳር 12 ቀን