ፊሊክስ ሎክየር ያልተመለሰበት የረግረግ ሩጫ

ይድረስ ለተከበሩ የስኬልበርን አዳሪ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ለሚስተር ኦልድሮይድ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን፣ እንዲሁም ኮረብታው ላይ ሆኖ ረግረጉን ቁልቁል የሚመለከተውን የዚያን ጥንታዊ ሕንጻ ጤና እጠይቃለሁ። እኔ በስልሳ አንድ ዓመቴ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። መቶኛውን የረግረግ ሩጫ በክብር እንግድነት አስጀምሬ ለተማሪዎቹ ስለ ጽናት እንድናገር የላኩልኝ ጥሪ ደርሶኛል፤ ስላሰቡኝም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አብሮት የመጣው የትምህርት ቤቱ መጽሔት ግን ስለ ሩጫው «በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከእግር ወለምታ የከፋ ነገር ገጥሞን አያውቅም» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ መልሴን በፖስታ ሳይሆን በጋዜጣ ልልክልዎ ወሰንኩ፤ የትምህርት ቤቱ መሳቢያዎች ወረቀት በመዋጥ ረገድ ያላቸውን ችሎታ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፤ ትምህርት ቤቱ ለሕክምና ሳይንስ ላደረገው አስተዋጽኦ አመሰግናለሁ። ከአርባ አራት ዓመት በፊት ከተማሪ ማደሪያዎቹ አንዱ በሆነው በሰሜን ማደሪያ ፊሊክስ ሎክየር የሚባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አብሮን ነበር። ግሪክኛን እኛ የኳስ ውጤት በምናነብበት ፍጥነት ያነብ ነበር፤ በጸሎት ቤቱ መዘምራን መካከልም ቀጭን ድምፁ ተለይቶ ይሰማል። ኳስ ወደ እሱ ስትመጣ ግን በትሕትና ዞር ብሎ ያሳልፋት ነበር። አስም ስለነበረበት እንዳይሮጥ የሐኪም ወረቀት ይዞ ቀረበ። የማደሪያችን ኃላፊ ሚስተር ትራንተር ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ሳንባ የሚጠነክረው ሲሠራበት ነው፣ ልጄ። ሂድ ጫማህን እሰር» አሉት።

ሁለተኛ፤ ስለ ደንቡ ጥበብ አመሰግናለሁ። አንድ ልጅ ሩጫውን ካቋረጠ ማደሪያው በሙሉ ማደሪያዎቹ የሚወዳደሩበትን ዋንጫ ያጣ ነበር፤ የገቡትን ልጆች በዝርዝሩ ላይ የሚያመለክተው ደግሞ የማደሪያው አለቃ ተማሪ ነው። የሰሜን ማደሪያ አለቃ እኔ ነበርኩ። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሥራዬም ከኋላ እየሮጥኩ የደከሙትን መንዳት ነበር።

ሎክየር ረግረጉ መካከል ካለው የእንጨት ድልድይ አጠገብ ተቀመጠ። ትንፋሹ ያፏጫል።

«ተነሥ፣ አታሰድበን» አልኩት።

«አልቻልኩም፣ ብራምሊ። ትንሽ ልረፍና በእግሬ እመጣለሁ።»

ጭጋጉ ከባሕሩ በኩል መግባት ጀምሮ ነበር። ወደፊት አየሁ፣ እሱንም አየሁ። «እንደ ገባህ አድርጌ አመለክትልሃለሁ። ቀስ ብለህ ና» አልኩት።

«ደግ ነህ» አለኝ። እኔም ሮጥኩ።

ሦስተኛውን ምስጋና በቁጥር መጻፍ አልቻልኩም። ዋንጫውን ወሰድን፤ ትኩስ ሻይና ቅቤ የተቀባ ዳቦ ተሰጠን፤ የማደሪያችንን መዝሙር ዘመርን። በምሽቱ ስም ጥሪ «ሎክየር» ሲባል ማንም አቤት አላለም። ሚስተር ትራንተር ወደ እኔ ዞሩ። «ገብቷል፤ ዝርዝሩ ላይ አለ። አሞት ተኝቶ ይሆናል» አልኩ። የምናገረው ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ለሌላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ውሸት ሆኖ እንደሚቆይ፣ ከዚያ በሩን ከፍቶ እንደሚገባ ራሴን አሳምኜ ነበር። አልጋው ባዶ መሆኑ የታወቀው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከተውኩበት ቦታ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ተጉዞ፣ ፊቱን ወደ ትምህርት ቤቱ እንዳዞረ ሞቶ ተገኘ።

በዚያን ጊዜ በእርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው የነበሩት ርእሰ መምህር አስጠርተውኝ ዝርዝሩን ከእጄ ተቀበሉና «ልጁ ከሩጫው ከገባ በኋላ ሳያስፈቅድ ለብቻው ሊንሸራሸር ወጥቶ ነው። ለሁላችንም የሚበጀው ይኸው ነው» አሉኝ። እኔም «አዎን፣ ጌታዬ» አልኩ። ለዩኒቨርሲቲ የጻፉልኝ የድጋፍ ደብዳቤ «ታማኝ» የሚል ቃል ሁለት ጊዜ ነበረበት።

ትምህርታችሁ በውስጤ ጠልቆ መቅረቱን ሳልመሰክር ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። እስከ ዛሬ ድረስ በሐኪም ቤትም ሆነ በሌላ ቦታ ስሜ ሲጠራ ወዲያው አልነሣም፤ ከእኔ ቀጥሎ የሚጠራውን ስም እጠብቃለሁ። በጭጋግ ቀን ስሄድ ከኋላዬ የሚያፏጭ ትንፋሽ እሰማለሁ፤ ስቆም ይቆማል። በተጋባን ሰሞን ባለቤቴ ማቲልዳ «መንገድ ላይ እየቆምክ የምትጠብቀው ማንን ነው?» ትለኝ ነበር። አሁን መጠየቋን ትታለች፤ አብራኝ ትቆማለች።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ያ ዓረፍተ ነገር እንዲታረም፣ የሰሜን ማደሪያም ስም ከዚያ ዓመት ዋንጫ ላይ ተፍቆ እንዲጠፋ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ፊሊክስ ሎክየር አልተንሸራሸረም። እናንተ እንዲሮጥ አዘዛችሁት፤ እኔ ትቼው ሄድኩ፤ ከዚያም ሁላችንም ገብቷል አልን።

ላሳያችሁኝ በጎ ፈቃድ ሁሉ ባለዕዳ የሆንኩት፣ በስም ጥሪ ሁሌም «አቤት» ለማለት ፈጣን የነበርኩት፣ ትሑት የቀድሞ ተማሪያችሁ፣

ሄክተር ብራምሊ

ማስታወሻ፦ በበዓሉ ላይ አልገኝም፤ ቦታዬ ግን ባዶ አይሆንም። የፊሊክስ እናት ሚስስ ሎክየር ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ባለፈው ሐሙስ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቅርታ አላደረጉልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። «ሊንሸራሸር ወጥቶ ነው ብለውኝ ነበር። ልጄ እኮ ጭጋግ ይፈራ ነበር» አሉ። የጥሪ ወረቀቴን ሰጥቻቸዋለሁ። ስለ ጽናት የሚናገሩት እርሳቸው ስለሆኑ፣ እባክዎ ከፊት ረድፍ ወንበር ያዘጋጁላቸው።