የድልድዩ ወንፈል

ታኅሣሥ 20

ዛሬም አቧራ። ከሐሙሲት በጠዋቱ ሚኒባስ ሄጄ ካምፑ ስደርስ ኢንጂነር ናቢል ሻዩን ይዞ ወንዙ ዳር ቆሟል። የዮርዳኖስ ሰው ነው፤ ድልድዩን የሚሠራው የውጭ ድርጅት የላከው አለቃ። እኔ ምላሱ ነኝ። እሱ በዓረብኛ ያዛል፣ እኔ ለሠራተኛው በአማርኛ…

"ነገስ ይመጣሉ?" አለኝ።

ነገ ማርያም ናት። አንድ ቀን ዘለል ብሎ ጊዮርጊስ። ነገርኩት። ሻዩን ደፋው።

ማታ የማድርባት አክስቴ ሸዋነሽ እንደ ልማዷ ጀመረች። "ሰባት ዓመት ዓረብ አገር ኖረሽ ምን ይዘሽ መጣሽ? የአለሙ ልጅ እንኳ ለእናቷ ቆርቆሮ ቤት ሠራች።" እንጀራዬን ጎረስኩ። የሰው ቤት ስጠርግ ኖሬ የያዝኩት ዓረብኛ ነው። ቋንቋ አይታይ፣ አይቆጠር።

ታኅሣሥ 22

ናቢል ከደብረ ታቦር ስብሰባ ፊቱን አጥቁሮ ተመለሰ። የመካከለኛው ምሰሶ መሠረት ክረምት ሳይገባ ከውኃው በላይ ካልወጣ ድርጅቱ ማሽኖቹን ነቅሎ ሌላ አገር ሊወስድ ነው። "ከዚያስ ይመለሳሉ?" አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ።

ችግሩ ጉድጓዱ ነው። በዓል ደርሶ ሠራተኛው በቀረ ቁጥር ውኃና አሸዋ ይሞላዋል። በማግስቱ የተቆፈረውን እንደገና መቆፈር። "ወንዙ በዓል አያከብርም" ይላል ናቢል።

እናቴ ማዶ ናት። አባቴ የታመመው ነሐሴ ነበር። ሐኪም ቤቱ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ፣ ወንዙ መሐል ሞልቶ። መሞቱን እኔ ዓረብ አገር ሆኜ በስልክ ሰማሁ… ይህ ምሰሶ መውጣት አለበት።

ታኅሣሥ 23

ናቢል ትናንት "ነገ ለሚመጣ እጥፍ ይከፈላል በያቸው" ብሎኝ ነገርኳቸው ነበር። ዛሬ ካምፑ ውስጥ የተገኘነው እሱ፣ እኔና የዘበኛው ውሻ።

ከሰዓት የሠራተኛውን ካቦ አያ ፈንቴን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ጠላ ቀድተው ሳቁብኝ።

"ገንዘቡን ጠልተነው መሰለሽ? በጊዮርጊስ አፈር የነካ ሰው፣ ኋላ በረዶ ወርዶ የአገሩን እህል ቢመታ በማን ይሳበባል? እናቱ ብትሞትስ ማን ይቀብርለታል?"

ለናቢል እንዳለ ነገርኩት። አልሳቀም። "እንዲህ ከሆነ ብሩን መጨመር ስድብ ነበር" አለ። ጥሩ ሰው ነው።

ታኅሣሥ 26

ውኃው ከጉልበት በታች ነው፤ ቀሚሴን ሰብስቤ ማዶ ተሻገርኩ። እናቴ ቆማ ጤፍ ታነፍሳለች። "በጊዮርጊስ ለት ወቅተን ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀም" አለች።

በጊዮርጊስ?

"የኛ ደብር ገብርኤል አይደል? እኛ አጥብቀን የምንይዘው ገብርኤልንና አቦን ነው። ዓረብ አገር ይህንንም አስረሳሽ?"

አስረስቶኛል… የወዲህኛው ደብር ጊዮርጊስ፣ የማዶው ገብርኤል። ሰው የምንቀጥረው ግን ከአንድ ዳር ብቻ። ስመለስ ውኃው ይቀዝቅዝ ይሙቅ አላስታውስም።

ጥር 2

ከማዶም ሰው እንቅጠር ስለው ናቢል ብድግ አለ። አያ ፈንቴ ግን ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። ሰው ሁሉ ፊት፦

"ካምፑ የቆመው በኛ መሬት ነው። ማዶዎቹ አምና በግጦሽ ዱላ ያነሱብን ናቸው። አንቺም የማዶ ልጅ ነሽ፣ ለወገንሽ ታደያለሽ።"

ይህን ለናቢል አልተረጎምኩለትም። ኮንቴይነሩ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

ጥር 6

አያ ፈንቴ ጠዋት ካምፑ በር ላይ ጠበቁኝ።

"የተናገርኩሽ አልበጀኝም። ሳስበው ሰነበትኩ። ማዶዎቹ ተቀጠሩ ከተባለ የኔ ሰው ይነሳል። ወንፈል ይባል። በጊዮርጊስ እነሱ ይውረዱልን፣ በአቦና በገብርኤል እኛ እንውረድላቸው። በሌላው ቀን እየተፈራረቅን። ወንፈልን እንቢ ያለ ገበሬ አላየሁም።"

"አባባሉን እኔ ለምን አላገኘሁትም?" አልኳቸው።

"አንቺ ባታነሺው እኔስ መች አስበው ነበር?"

ናቢል "ወንፈል ምንድን ነው?" አለኝ። ዛሬ የኔን ማሳ ታጭድልኛለህ፣ ነገ ያንተን አጭድልሃለሁ አልኩት። ፕሮግራሙን ቀዶ እንደ አዲስ ጻፈ። እኔ የቅዱሳኑን ስም እጠራለሁ፣ እሱ በዓረብኛ ይጽፋል… "ማርያምና ሚካኤል የሁሉም ናቸው" ስለው እስኪርቢቶውን አስቀመጠ። "በእነዚያ ቀኖች የውኃ መሳቢያውን ፓምፕ እኔ እይዛለሁ።"

ጥር 23

ጊዮርጊስ። ማዶዎቹ ወንፈሉን ዛሬ እንጀምራለን ብለው ልከዋል፤ ይመጡ ይሆን? በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥቼ ወንዙ ዳር ቆምኩ።

መጡ። ደምሴ የሚባል የማዶ ጎበዝ ከፊት፣ ሌሎቹ አካፋ ተሸክመው ከኋላ፣ ውኃውን እየሰነጠቁ። አያ ፈንቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሙ። አካፋ አልነኩም። ቀትር ላይ ግን የበዓሉን ዳቦና ጠላ አሸክመው ወረዱ። ወንፈል የመጣ ሰው ሳይበላ አይመለስም። ደምሴ ዳቦውን ተቀብሎ እጃቸውን ሳመ። ስለ ግጦሹ ማንም አላነሳም።

ጉድጓዱ ደረቅ አደረ።

የካቲት 12

ሚካኤል። ናቢል እስከ ጭኑ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ፓምፕ ሲያስነሳ ዋለ። የሚሳለሙ እናቶች ቆመው "እግዜር ይስጥህ" አሉት። ተረጎምኩለት። ጆሮው ቀላ።

መጋቢት 14

ምሰሶው ከውኃው በላይ ወጣ! ናቢል ለአለቆቹ ደውሎ ሲያወራ ስሜን ሰማሁ። ስም ትርጉም አያሻው… ትርንጎ፣ ትርንጎ እያለ። ማሽኖቹ አይሄዱም።

ሐምሌ 19

የማዶው ገብርኤል ንግሥ። የድልድዩ የጎን አጥር ገና አላለቀም፤ ለእግረኛ ግን ተከፍቷል።

በዚህ ወር ከወዲህ ማዶ ተሻግሮ ያነገሠ ሰው አላውቅም። ዛሬ ወንዙ ከታች እያጓራ ሰዉ በላዩ ጎረፈ። አያ ፈንቴ ሙክት እየጎተቱ መጡ። ደምሴ "ምነው አያ፣ ይህን ሁሉ?" ቢላቸው "ብድር በምድር ነው ልጄ" አሉት።

አክስቴ ሸዋነሽም አብራኝ ተሻገረች። እናቴ ቤት በልተን ጠጥተን፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ አመሏ ተነሳ። "እንዲያው ልጅሽ ሰባት ዓመት ዓረብ አገር ኖራ ምን ይዛ መጣች?"

አቀረቀርኩ። እናቴ ለዚህ ነገር መልስ ሰጥታ አታውቅም። ዛሬ ግን ጠላውን እየቀዳች፣ ቀና ሳትል፦

"ቀሚስሽን ሳትሰበስቢ በሐምሌ መጣሽ አይደል? እሱን ነው ይዛ የመጣች።"

ኮራሁ። ልጻፈው እንጂ ማን ያየኛል… ኮራሁ።

ስንመለስ አክስቴ ድልድዩ መሐል ላይ ቆመች። የሞላውን ውኃ ብዙ አየችው። አባቴ ወንድሟ ነበር።

"ወንድሜ ይህን ቢያይ…" አለች። ክንዴን ያዘችና ተሻገርን።