የአጎቴ የብርሃን ዱዓ

መስከረም 9
ለብርሃን ትርኢታችን የአዳራሹን መስኮቶች በጥቁር ጨርቅ ስንሸፍን ዋልን። የከሚሴ ፀሐይ መግቢያ አታጣም። አንዋር መሰላል ላይ ሆኖ «ዓፊያ፣ በዚያ በኩልም ያበራል!» እያለ ይጮኻል። ማሽኖቹን ከአዲስ አበባ ያመጣው እሱ ነው፤ ሐሳቡ የእኔ። እጅ ሲያነሱለት ቀለሙን የሚቀይር የብርሃን ወንዝ... ሲረግጡት የሚፈካ ማሳ... የእኛው ቦርከና ወንዝና የጨፋ ሜዳ። መጨረሻው ላይ አንድ ሰው በሆሎግራም፣ በብርሃን በተሠራ ምስል ይቁም ተባባልን። ማን?

መስከረም 12
አጎቴ አብዱልፈታህ እሺ አለ! ጨፋ ወርደን ደጁ ላይ ቀረጽነው። አገሩ ሁሉ ለዱዓ የሚመጣው እሱ ዘንድ አይደል? ጎብኚው መዳፉን ሲዘረጋ አጎቴ ከጨለማው ብቅ ብሎ ይመርቃል። «ረቢ ሀኤብሱ... ፈጣሪ ይባርካችሁ ልጆቼ፣ ክፉ አይንካችሁ።» ሚስቱ ዓዲላ በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። «እኔን ሲቆጣስ አትቀርጹትም?»

መስከረም 20
አጎቴ ሞተ። ትናንት ማሽላ ሲጠብቅ ውሎ ገባ፤ ዛሬ ለሱብሒ ሶላት አልተነሳም። ኢናሊላሂ...
ቀብረን ተመለስን።

ጥቅምት 8
ተከፈተ። ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ። ወንዙን ያየልኝ የለም፣ ሁሉም ወደ አጎቴ። አንዳንዱ አሚን ይላል፣ ያለቅሳል። ጎረምሶቹ እጃቸውን በደረቱ እያሳለፉ ይሳሳቃሉ።
እናውጣው ብዬ ነበር። «ሰው የሚመጣው ለእሱ ነው» አለኝ አንዋር። «ደግሞ ራሱ ፈቅዷል።»
አዎ፣ ፈቅዷል። በሕይወት እያለ።

ጥቅምት 10
ሰዒዳ መጣች፣ የአጎቴ ልጅ። አብረን ነው ያደግነው። አንዱ ጎረምሳ የምስሉን ጢም ለመያዝ ሲዘል ጓደኛው በስልክ ይቀርጸዋል። እሷ ከኋላቸው ቆማ ታያለች። ክንዴን ያዘችኝ።
«አባቴን ቀብሬዋለሁ። አንቺ ምን ብለሽ አቆምሽው?»
«ሰዒዳ...»
«አጥፊው። ዳግመኛ እንዳይመለስ አድርገሽ አጥፊው።»

ጥቅምት 11
አጠፋሁት። ቅጂውንም፣ ሁሉንም።
አንዋር አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ከዘመድሽ ጋር ኑሪ» ብሎ ማሽኖቹን አይሱዙ ላይ ጫነ። አለቀ። ጥቁሩን ጨርቅ ብቻዬን አወረድኩ።
ለሰዒዳ ደወልኩ። «ጀዛኪላህ» ብላ አመስግና ዘጋችው። ደግ አደረግሁ አይደል? ታዲያ ምን ሆኜ ነው?

ታኅሣሥ 17
አንዋር ደሴ ላይ አሳየ አሉ። ወንዜን፣ ማሳዬን። ስሜ የለም።

የካቲት 2
አሁን ፎቶ ቤት ነው የምሠራው። የመታወቂያ ፎቶ አነሳለሁ። ረፋድ ላይ ዓዲላ ገባች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ኢዳ ተቀምጣ ነበር፣ ከቤት አትወጣም። ዛሬ ወጣች። ልጇ ሰዒዳ ቤት እንኳ አልደረሰችም፣ በቀጥታ እኔ ጋ።
«በይ፣ አጎትሽን አሳይኝ።»
ወንበር አቀረብኩላት።
«ሰው ሁሉ አየነው፣ መረቀን እያለ ነገረኝ። እኔ ቤት ተዘግቶብኝ ይቺን ቀን ስጠብቅ... የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።»
ሰዒዳ አልነገረቻትም! ስንት ወር እየተመላለሰች አብራት ስትቀመጥ አልነገረቻትም። እኔ ነገርኳት። ምን ብዬ እንደ ጀመርኩ አላስታውስም። መጨረሻ ላይ «አጥፊው ያለችኝ ሰዒዳ ናት» አልኩ... ምን ይጠቅማል?
«ሰዒዳ ልጁ ናት» አለች። «እኔ ሚስቱ ነኝ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»
ባጃጅ ልጥራልሽ አልኳት። እጇን አወናጨፈችብኝ። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ፊቷን አላዞረችም።
«ድምፁስ? ድምፁንም?»
«ድምፁንም» አልኳት።