ጆሮ ላይ የደረሰ እጅ

ቅዳሜ፣ የካቲት 19 ቀን 1980 ዓ.ም.
የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወላጆችን ሰበሰብኩ። ማትሪክ ላለፈ ምግብና መኝታ ከመንግሥት ነው፤ ሳሙናና መሳፈሪያ ግን ከእናንተ፤ ልብሱንም ካሁኑ አስቡበት አልኳቸው። ብዙ ለፈለፍኩ። ግማሹ አንቀላፋ።
የጠየቀች እቴናት ብቻ ናት፣ የአዝመራው እናት። «መምህር፣ አዲስ አበባ ይበርዳል?» ይበርዳል አልኳት። «እንግዲያ ጋቢውን ዛሬ ልጀምር።» ገና ሳይፈተን? ብለው ወላጆቹ ሳቁባት። እኔም ሳቅሁ።
ልጁ ግን ያልፋል። ሒሳብን እንደሱ የሚወድ ተማሪ ዳንግላ ከመጣሁ ወዲህ አላየሁም።

መጋቢት 10
እቴናት እንቁላል ይዛ መጣች። አልቀበልም ብላት ተቀየመች... ተቀበልኩ።
አዝመራው አንደኛ ክፍል ሊገባ የሄደ ዕለት የሆነውን አጫወተችኝ። እንደ ደንቡ ቀኝ እጁን በአናቱ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ይንካ አሉት። አልደረሰም። «ገና ነው፣ ለከርሞ» ብለው መለሱት። መንገዱን ሁሉ እያለቀሰ ገባ።
«ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ለጠየቀኝ ሁሉ ጨምሬ ነው የምናገር። ትንሽ ነው ብለው ደግመው እንዳይመልሱብኝ።»
እውነተኛውስ? አሥራ ሰባት። ፋይሉ ላይ አሥራ ዘጠኝ! በሳቅ ሞትኩ።

ሚያዝያ 22
ማትሪክ አለቀ። አዝመራው ከሒሳብ ፈተና ሲወጣ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ።

ሰኔ 8
አዝመራውን ወሰዱት። ለብሔራዊ ውትድርና።
ባለፈው ሳምንት የቀበሌ ሰዎች ቤት ለቤት ሲዞሩ እቴናትን ጠይቀዋታል። አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ልጅ አለሽ? አዎ፣ አለኝ። ዕድሜው? ሃያ።
«ለኮሌጅ መሰለኝ፣ መምህር። ለኮሌጅ መሰለኝ...»


ሰኔ 9
ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጓድ አድማሴ ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ አስቆመኝ። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሕጉ አሥራ ስምንት ይላል አልኩት።
«ሃያ ያለችው እናቱ ናት። አንተ ከእናቱ በላይ ታውቃለህ?»
የትምህርት ቤቱ ፋይል ትዝ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ... ወጣሁ።

ሐምሌ 3
ዝናብ። ምልምሎቹ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተሻገሩ ይባላል። ከልጁ ምንም ወሬ የለም።

ነሐሴ 28
ውጤት መጣ። አዝመራው ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጥቷል። ሒሳብ ኤ።
ልንገራት ወይስ ልተወው? ቤቷ ደጃፍ ሁለቴ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁ። ጋቢው ተጠናቆ ታጥፎ መደቡ ላይ ተቀምጧል።
አልፏል አልኳት። እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ጠየቀችኝ፦
«የዩኒቨርሲቲው አልጋ ታዲያ ባዶውን ሊያድር ነው?»
ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

መስከረም 9 ቀን 1981 ዓ.ም.
የአንደኛ ክፍል ምዝገባ። መዝጋቢ ስለጎደለ እኔን ላኩኝ።
ከሰልፉ መሐል ቢሻው ብቅ አለ፣ የአዝመራው ታናሽ። የጎረቤት ልጆችን ተከትሎ ነው የመጣው። ገና ሳላዘው እጁን በአናቱ አሳለፈና ጆሮውን ጨምድዶ ያዘ።
«ደረሰ፣ ጋሼ! ደረሰ!»
ሰው ሳቀ። ይሄኔ እቴናት ከበሩ እየሮጠች መጣች። ክንዱን ይዛ ወደ ታች ጎተተችው።
«አልደረሰም።»
ደርሷል እኮ፣ እቴናት፣ አይቻለሁ...
«አልደረሰም አልኩ፣ መምህር! ገና ነው። ሕፃን ነው።»
ወደ ልጁ ጎንበስ ብላ በአገውኛ የሆነ ነገር አለችው። እኔ አገውኛ አልሰማም። እስቲ ድገመው አልኩት። ቢሻው እጁን አነሣ። አናቱ ላይ ሲደርስ አቆመ፤ ዓይኑ እናቱ ላይ ነው።
ዕድሜው ስንት ነው? አልኳት።
«አራት።»
ሰባት ነው። አራት ብዬ ጻፍኩ። ለከርሞ ይምጣ አልኩ።
ቢሻው መንገዱን ሁሉ እያለቀሰ ሄደ። እሷ አላለቀሰችም። እጁን ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች።