«ደህና ነኝ» ስላለ ቤቱ ይሸጥ የተባለበት ሰው

ለቤት ብድር ባንኩ አቤቱታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ የካቲት 11

ጉዳዩ፦ በሰላምታ ምላሽ ላይ ተመሥርቶ የተሰጠው የሐራጅ ውሳኔ እንዲታገድ፣ ባለቤቴ እንደገና እንዲታይ እና የጭንቅላት ጉዳት በባንኩ የእፎይታ ቅጽ ውስጥ እንዲካተት ስለመጠየቅ

1. የተከበሩ ኃላፊ፣ ስማችን፣ የውል ቁጥራችን እና የሐኪም ማስረጃዎቹ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። እኔ የተማሪዎች የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ቤት የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሰው «ነበር» በይ ይለኛል፤ እኔ ግን አልልም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጉልበቱ ተንበርክኮ የሰው ወለል ሲያነጥፍ ኖሯል። ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ያለው፣ ባለጉዳይ ተራ የሚጠብቅበት ግራጫ ወለል የእሱ እጅ ሥራ ነው። ውለታ ለማስቆጠር አይደለም፤ ሠርቶ ተከፍሎታል። ነገር ግን እዚያው ወለል ላይ ቆሜ ስድስት ጊዜ «ነገ ተመለሺ» ተብያለሁና ነገሩ ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ብሎኝ ነው።

2. ባለፈው ግንቦት፣ መደገፊያ ብረት ባልተገጠመለት ደረጃ ላይ ሲሠራ ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ሁለተኛው ወደቀ። ያረፈው በጭንቅላቱ ነው። ሃያ ሦስት ቀን ዓይኑን አልገለጠም። ሲገልጥ ደስታችን ወሰን አልነበረውም፤ ዘመድ አዝማድ «ተረፈ!» ብሎ ተቃቅፎ ተላቀሰ። ከዚያ ፀጉሩ አደገና ጠባሳውን ሸፈነው። ምነው ባልሸፈነው! እጁ ቢቆረጥ ኖሮ ዛሬ ይህን አቤቱታ ባልጻፍኩ ነበር፤ ይህን ማለት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን እዚህ ድረስ ያደረሰኝ የእናንተ መሥሪያ ቤት ነው።

አሁን ያለበትን ሁኔታ በአጭሩ ልግለጽ። ሦስት ቤት አልፎ ካለው ሱቅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ከስድስት ሰዓት በኋላ አውቶቡስ ማዞሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ተገኝቷል። ወጥ የምሠራበት ድስት ውስጥ ማጣበቂያ ሲሚንቶ አቡክቶ «ቶሎ በይ፣ ይደርቃል» ብሎኛል። የስፌት መኪናዬ ድምፅ ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሚገባ ትርፍ ስፌት እቤት መሥራት ትቻለሁ። ልጃችን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አንዳንድ ቀን በእህቱ ስም ይጠራታል፣ እሷም ምስኪን «አቤት» ትላለች። ድሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው አሁን በር ሲዘጋ ይጮሃል፤ ከዚያ ለምን እንደጮኸ ረስቶ ይቅርታ ይጠይቃል።

3. የባንኩ የብድር ደንብ «በአደጋ ምክንያት የመሥራት አቅሙን ያጣ ተበዳሪ ለሁለት ዓመት ክፍያው ያለ ቅጣት ይቆምለታል» ይላል። ይህን አምኜ የእፎይታ ቅጹን ለመሙላት ሄድኩ። ቅጹ ላይ የሰው ምስል ተሥሏል፤ በተጎዳው አካል አጠገብ ባለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ያደርጉበታል። ለእጅ አለ፣ ለእግር አለ፣ ለወገብ አለ፣ ለዓይንና ለጆሮ አለ። ለጭንቅላት የለም። እኔም በቀይ እስክሪብቶ በምስሉ ጭንቅላት ላይ ትልቅ መስቀለኛ ምልክት አደረግሁ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ «ቅጹን አበላሸሽው እኮ እናቴ፣ ሌላ ሙዪ» አለችኝ። ሌላ ሞላሁ፤ እሱም ላይ ደገምኩት። ይህን በማድረጌ ይቅርታ አልጠይቅም።

4. በኅዳር ወር የባንኩ መርማሪ ባለሙያ ቀጠሮ ሳይሰጡ፣ እኔ ሥራ ላይ፣ ልጄ ትምህርት ቤት እያለን ቤታችን መጡ። በራሳቸው ሪፖርት እንደጻፉት የገቡት በ4፡10 ነው፤ የወጡት በ4፡22። የሰው ልጅ ጭንቅላት በአሥራ ሁለት ደቂቃ ታየ ማለት ነው! እኔ አንድ ዚፕ ለመቀየር ከዚያ የበለጠ ጊዜ እፈልጋለሁ። ሪፖርቱን ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦

«ተበዳሪው በሩን በራሱ ከፍቶ ተቀብሎናል። ስለ ጤንነቱ ሲጠየቅ ‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተስ?› ሲል መልሷል። ሦስት ጊዜ በአክብሮት ሰላምታ ሰጥቶናል። የሚታይ ጉዳት የለበትም። የቤቱ ወለል ከፍተኛ ጥራት ባለው ሴራሚክ የተነጠፈ ስለሆነ በሐራጁ መነሻ ዋጋ ላይ ከግምት እንዲገባ።»

ክቡር ኃላፊ፣ እስቲ በእኛ አፍ «ደህና ነህ?» የተባለ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? እናቴ ልትሞት ሁለት ቀን ሲቀራት፣ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ እንዳለ፣ ለሐኪሙ «ደህና ነኝ፣ አንተስ? ልጆች ደህና?» ብላዋለች። እርስዎም ጥርስዎን እያመመዎት ቢገቡ ለበሩ ጥበቃ የሚመልሱለት ይህንኑ ነው። የባለቤቴ ሐኪም በአባሪ 3 ላይ ግልጽ አድርገው ጽፈውታል፤ ሰላምታ ከሕፃንነት ጀምሮ አፍ የለመደው ስለሆነ የልጁን ስም የረሳ ሰው እንኳ ሰላምታ አይረሳም።

ደግሞስ ሦስት ጊዜ ሰላምታ የሰጣቸው ለምን ይመስልዎታል? ባለሙያው አልጠየቁም። ወደ ጓዳ ዞር ብለው በተመለሱ ቁጥር አዲስ እንግዳ ሆነውበት ነው! ማስረጃው በገዛ እጃቸው ጽሑፍ ላይ ተቀምጧል፤ «በአክብሮት» ብለው አለፉት። ይህን ወረቀት ያነበብኩ ዕለት ደሜ ፈልቶ ስፌት ቤት የሦስት ልጆች እጅጌ አጣምሜ ሰፍቻለሁ።

5. «ቤቱ ቢሸጥም ሌላ ትከራያላችሁ» የተባልኩት በእርስዎ ክፍል ነው። ዕዳችንን አንክድም፤ ይሰረዝልን አላልንም። ነገር ግን ይህ ቤት ለባለቤቴ ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ገና ስንገባበት ከየሥራው የተረፈችውን ሴራሚክ በገንዘቡ እየገዛ፣ እሑድ እሑድ እየተንበረከከ ነው ያነጠፈው። መተላለፊያው ቡናማ፣ መታጠቢያ ቤቱ ሰማያዊ፣ የልጃችን ክፍል ቢጫ ነው፤ አንድ ዓይነት ስላላገኘ እንጂ አምሮት አይደለም። ያኔ «ቤታችንን የሱቅ ናሙና አስመሰልከው» ብዬ ቀልጄበታለሁ። ዛሬ ጭንቅላቱ የማያውቀውን እግሩ ያውቀዋል። ማታ ተነስቶ ቡናማውን ተከትሎ ሰማያዊው ጋ ይደርሳል፤ ተመልሶ ቡናማውን ይዞ ይተኛል። ማንም ሳይመራው የሚሄድበት ቦታ በዓለም ላይ ይኸው ብቻ ነው። እህቱ ቤት ሁለት ሌሊት አድሮ ሁለቱንም ሌሊት በር አጥቶ ጥግ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ አገኘነው።

ባለሙያዎ ግን ወለሉን ዋጋ ጨመሩበት። አንጣፊውን ሳያዩ ንጣፉን አዩ።

6. ይህ የእኛ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። ማክሰኞ ማክሰኞ በሆስፒታሉ የተሃድሶ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ የምንገናኝ ዘጠኝ ቤተሰቦች ነን። ከእኛ ሁለቱ ቤታቸውን ለባንክ አስረክበዋል። የአንዷ እናት ልጅ፣ ዕቃ አድራሽ ሞተረኛ፣ «ሰካራም» ተብሎ ከሥራው ተባሯል፤ ጠጥቶ አያውቅም፣ አረማመዱ ነው። ተባብረን የጭንቅላት ጉዳት እንዴት እንደሚታወቅ የሚያስረዳ አንድ ገጽ አዘጋጅተን በቅርንጫፋችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብንለጥፍ ጥበቃው ቀዶ ሰጠን። «ግላዊ ማስታወቂያ ክልክል ነው» አለ። ከጎኑ ግን የቤት ቁልፍ ይዘው የሚስቁ ባልና ሚስት ያሉበት የባንኩ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እኛም እንዲሁ ስቀን ነበር የፈረምነው።

7. ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ በጥብቅ እጠይቃለሁ፦

ሀ. ለመጋቢት 2 የተቆረጠው ሐራጅ እንዲታገድ፤

ለ. የኅዳሩ ሪፖርት ተሰርዞ፣ ባለቤቴ የጭንቅላት ጉዳት በሚያውቅ ሐኪም እንዲታይ። ባለሙያው ተመልሰው መምጣት ከፈለጉ ደግሞ ይምጡ፣ ቤቱ ክፍት ነው፤ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ይዋሉ። «ደህና ነህ?» ብለው አይጠይቁት። ቁርስ በልቶ እንደሆነ ይጠይቁት። ስንት ልጅ እንዳለው ይጠይቁት፤

ሐ. በቅጹ ላይ ለጭንቅላት ሣጥን እንዲጨመር። አንድ ሣጥን ነው የምንለምነው! ያዘጋጀነው ገጽም በሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ፤ ዘጠኛችንም ተፈራርመንበታል።

ውሉ በሁለታችን ስም ስለሆነ ይህን አቤቱታ ትናንት ለባለቤቴ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማኝ። ከዚያ «የማን ቤት ነው የሚሸጠው?» አለኝ። የሰዎች ነው አልኩት፤ ሌላ ምን ልበለው? ራሱን ነቀነቀና «ምስኪኖች። ወለሉን ማን ሠራላቸው?» አለ። አንድ ጎበዝ ሰው ነው አልኩት። «እንግዲያው አያስነሷቸው፣ ጥሩ ወለል ከተነሳ ይሰበራል» ብሎ ፈረመ። ፊርማው ከውሉ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም። ይህም እንደ ጥፋት እንዳይያዝበት አደራ እላለሁ።

ከሰላምታ ጋር፤
ሰላምታ ብቻ ነው። ደህና ነን ማለቴ እንዳልሆነ ይመዝገብልኝ።

(ፊርማ) አመልካች፣ የሴራሚክ አንጣፊው ባለቤት
(ፊርማ) ሴራሚክ አንጣፊው፣ በገዛ እጁ

ግልባጭ፦
ማክሰኞ በአግዳሚ ወንበሩ ላይ ለምንገናኝ ቤተሰቦች በሙሉ