በደህና ውጣ

ዲሴምበር 6፣ 1934

የቅዱስ ኒኮላስ ቀን። የጓደኛዬ የኒክላስ የስሙ ቀን ማለት ነው። በየዓመቱ ዛሬ ጺሙን በነጻ እላጨዋለሁ፣ እሱ ኬክ ያመጣል፣ ከዚያ እስኪመሽ ዳማ። ውሃ አሙቄ ጠበቅሁ። ቀዘቀዘ። እንደገና አሞቅሁ... አልመጣም።

ጉንፋን ይዞት ይሆን? ጉንፋን የያዘው ሰው ግን መስኮቴ ጋ ሲደርስ አንገቱን ወደ ሌላ አዙሮ አይሮጥም።

ዲሴምበር 11

ዳቦ ጋጋሪዋ ኦቲልያ ምሥጢሩን አወጣችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዳቦውን እየጠቀለለች።

«አፍህ ነው ጉድ የሠራህ፣ ሴቨሪን። ምርጫው ሳይደርስ ‹እንዳለ ይቆይ› ነው የምመርጠው እያልክ ለመንደሩ ሁሉ ትለፍፋለህ።»

«ፀጉር አስተካካይ ዝም ካለ ምኑን ፀጉር አስተካካይ ሆነ?»

«እንግዲያው ብቻህን አውራ!»

ይኸው፣ እያወራሁ ነው።

ጃንዋሪ ላይ ለእኛ ለሳር ግዛት ሰዎች ሦስት ምርጫ ቀርቦልናል። ወደ ጀርመን እንመለስ፣ ወደ ፈረንሳይ እንሂድ፣ ወይስ እንዳለፉት አሥራ አምስት ዓመታት በመንግሥታት ማኅበር ሥር እንቆይ? ማኅበሩን ወድጄው አይደለም። ድልድያችን ቢሰነጠቅ ከጄኔቭ አጥኚ ኮሚቴ መጣ፤ ኮሚቴው በሚገባ አጥንቶ «ተሰንጥቋል» ብሎ ተመለሰ። ግን ወዲያ ማዶ፣ ጀርመን ውስጥ፣ የእህቴን ባል በአንዲት ቀልድ አሰሩት። ጥሩ ቀልድ እንኳ አልነበረችም። ለእንደዚያች ከታሰረ እኔማ ስንት ዓመት ሊፈረድብኝ ነው?

ዲሴምበር 14

ፖስተኛው ግማሽ ጉንጩን ተላጭቶ ሳለ ጓደኛው ገባ። ፖስተኛው ሆዬ ተቀምጦ በአዲሱ የጀርመን ሰላምታ ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋ። ምላጩ ጆሮው ሥር ነበር... ትንሽ ደም። ማታውን መንደሩ ሁሉ «ከሃዲው ሴቨሪን አንድ ጀርመናዊ አረደ» ይል ነበር። ሰው ሲላጭ እጁን አያነሣም፤ ይህን ለበርሊን ማን ይንገርልኝ?

ዲሴምበር 22

ሰላም አስከባሪ ጦር ገባ! እንግሊዙ፣ ጣልያኑ፣ ሆላንዱ፣ ስዊድኑ። ምርጫው ያለ ደም እንዲያልፍ። ቶርስተን የሚባል ስዊድናዊ አሥር አለቃ በሬን ከፍቶ ገባ። የሳምንቱ የመጀመሪያ ደንበኛ። ከቋንቋችን ሁለት ቃል ያውቃል፣ «አጭር» እና «ደህና»። ተቀመጠና እንቅልፍ ወሰደው። የዓለም ሰላም ወንበሬ ላይ አንኮራፋ። እንዳይነቃብኝ ቀስ ብዬ ነው የቆረጥኩት... ሰው ነዋ። ሰው ቤቴ ውስጥ ተቀምጧል።

ሰላም መጣ፤ ሰላምታ ቀረ። በዚህ በከሰል ቆፋሪዎች አገር ስንገናኝ «በደህና ውጣ» ነው የምንባባለው፤ ከጉድጓዱ ማለታችን ነው። ጉድጓድ ገብቶ የማያውቀው ቄሱም ይላል። ዛሬ ላገኘሁት ሁሉ አልኩ። ማንም አልመለሰልኝም። ኒክላስም።

ድሮ እኔም ቆፋሪ ሳለሁ ድንጋይ ተንዶ ሲጫነኝ፣ ሌሎቹ ሞቷል ብለው ሲመለሱ፣ ከላይ ሆኖ «በደህና ውጣ! አንተ ለፍላፊ፣ በደህና ውጣ!» እያለ በእጁ የቆፈረልኝ እኮ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው ዶማ ጥዬ ምላጭ የያዝኩት።

ጃንዋሪ 13

መረጥን። ደንቡ ጥብቅ ነው። መናገር የለም፣ ሰላምታ የለም፣ ክንድ ማንሣት የለም፤ የምርጫ ጣቢያው ሊቀመንበር፣ አንድ ሆላንዳዊ፣ አስከሬን የሚጠብቅ ይመስላል። ኒክላስ ሰልፉ ላይ ከፊቴ ነበር። ማጅራቱን ሳየው ዋልኩ። ማን ነው እንዲህ የቆረጠው? ደረጃ በደረጃ... የበግ ሸላች ሥራ! ልስቅ ነበር። ቀጥሎ ግን ሌላ ፀጉር አስተካካይ ጋ መሄድ መጀመሩ ገባኝ።

ጃንዋሪ 15

ጠዋት በራዲዮ ተነገረ። ከመቶ ዘጠናው ለጀርመን። «እንዳለ ይቆይ» ያልነው ከመቶ ወደ ዘጠኝ። እሺ፣ አንዱ እኔ ነኝ። ስምንቱ የት ናቸው? ከላይ እስከ ታች ሄጄ አየሁ። በየመስኮቱ ባንዲራ። ወይ አልቅሰዋል፣ ወይ ባንዲራ ገዝተዋል።

ጃንዋሪ 16

ዛሬ ተቀበርኩ።

ጥቁር የሬሳ ሣጥን ሠርተው ላዩ ላይ «እንዳለ ይቆይ» ብለው ጽፈው በሙዚቃ አዙረው በራፌ ላይ አስቀመጡት። ሳቅ፣ ፉጨት። «ሴቨሪን! ና ውጣና ዘመድህን ላጭ እንጂ!» ቶርስተንና ጓዶቹ ጠመንጃ ይዘው ጥግ ላይ ቆመዋል፤ ቀብሬ በሥርዓት እንዲፈጸም አስከበሩ። ድንጋይ የወረወረ የለም። ፍጹም ሰላም።

ከፊት የተሸከመው ኒክላስ ነበር። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። አይስቅም ነበር። ግን ተሸክሟል...

ፌብሩዋሪ 17

ስዊድኖቹ ሄዱ። ንግግር ተደረገ፤ በሳር ግዛት ማኅበሩ ተሳካለት፣ ለዓለም ምሳሌ ነው ተባለ። ቶርስተን ሊሰናበት መጥቶ ከሁለቱ ቃሎቹ አንዱን መረጠ። «ደህና?» አለኝ።

«አጭር» አልኩት።

ልክ ነው፣ ማንም አልሞተም። ይህን አልክድም። ግን ሰላም አስከባሪ ሲሄድ ሰላሙን ለማን ነው የሚያስረክበው? በራፌ ላይ ሣጥን ላስቀመጡት?

ፌብሩዋሪ 20

መስኮቴ ላይ በቀይ ቀለም «ውጣ!» ተጽፏል። «በደህና» የምትለውን ረስተዋታል።

ማርች 1፣ ፎርባክ፣ ፈረንሳይ

ትናንት ወጣሁ። ዛሬ ጀርመን ተረክባለች፤ ደወሉ ድንበሩን ተሻግሮ እዚህ ድረስ ይሰማል። ኪራይ ቤት ነኝ። አንድ አልጋ፣ ምላጮቼ፣ ዳማው። ከማን ጋር ልጫወት? እንጃ።

ትናንት ባቡር ጣቢያው ላይ ክንዳቸው ላይ ጨርቅ ያሰሩ ጎረምሶች ማን ማንን እንደሚሸኝ እያዩ ይመዘግቡ ነበር። እኔን ማን ይሸኛል? ኦቲልያ እንኳ ዳቦውን በጓሮ በር ነው ያቀበለችኝ። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከሥራ በቀጥታ ጣቢያውን ከሞሉት ቆፋሪዎች አንዱ፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ከሰል ለብሶ መጣ። ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። የገዛ እናቱ አትለየውም። እኔ ግን ያንን ማጅራት...

አልቆመም። በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ከንፈሩ ሳይነቃነቅ፣

«በደህና ውጣ፣ አንተ ለፍላፊ።»

የተዘጋጁ ስድቦች ነበሩኝ፤ ስለ ሣጥኑም፣ ስለ ፀጉሩም። ሁሉንም ትቼ ሻንጣዬን አንሥቼ ባቡሩ ላይ ወጣሁ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጉድጓድ የሚወርደው እኔ ሳልሆን እሱ መሆኑ ታየኝ።

መስኮቱን አውርጄ፣ ጎረምሶቹ እያዩ፣ የቻልኩትን ያህል ጮህኩ፤

«አንተም በደህና ውጣ!»

ወደ ማን እንደጮህኩ አላወቁም። ቆፋሪዎቹ ሁሉም ከሰል የለበሱ ነበሩ።